የምት ማደሪያ

የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ላሜራ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት የወረራ ዓመታት የገቡ፣ ከዚያም በኋላ እዚሁ በቀሩ መካኒኮች አፍና እጅ የተላመዱ ቃላት ናቸው። ዛሬ ቃሊቲ ውስጥ መኪና ሥር የተኛ ልጅ «ቡሎን አቀብለኝ» ሲል የሚናገረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ከዚሁ ቋንቋ ሁለት ቃላት ለወራት ከአእምሮዬ አልወጡም። አንዱ ፓራውልት ነው። ቃሉ ሲፈታ መመከትና ግጭት ይወጡታል፤ ግጭት መመከቻ። ሁለተኛው ስኮርታ ነው፤ ትርፉን ጎማ የምንጠራበት። ይህ ቃል በአገሩ መጠባበቂያ ማለት ነው፤ አጃቢ ማለትም ነው። ሹም መንገድ ሲወጣ አብሮት የሚሄደው ጠባቂ በዚሁ ቃል ይጠራል።

ባለፈው ዓመት ሁለቱን በአንድ አካል አሠራኋቸው። ለላንድክሩዘር ፒክ አፔ የኋላ ፓራውልት አስበየድኩ፤ ስኮርታውን ከሆዷ ሥር አውጥቶ በክንዱ የሚሸከም፣ ክንዱም እንደ በር የሚከፈት። ሥራው ስድስት ሳምንት ፈጀ። ለብየዳው ብቻ ቢሆን አንድ ሳምንት በበቃ ነበር። ቀሪውን አምስቱን ሳምንት የበላው አንድ ጥያቄ ነው።

ሥራዬ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። ከዓመቱ ግማሹን መንገድ ላይ ነኝ። አንድ ሚያዝያ ከገዋኔ ወደ ሚሌ ስሄድ፣ እኩለ ቀን ሲሆን፣ የኋላ ግራ ጎማዬ በድንጋይ ተቀደደ። የአፋር ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጠርዙ ቢላዋ ነው። ጭነቱ ሙሉ ነበር፤ ቱቦ፣ ኬብል፣ ሁለት ፓምፕ፣ በርሜል ሙሉ ውሃ። ጎማው ተንፍሶ ሲያልቅ የመኪናዋ ኋላ ወደ መሬት ወረደ። ስኮርታው ደግሞ እዚያው ከወረደው ሆድ ሥር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሰንሰለቱን የሚያወርደው ማጠንጠኛ የክረምት ጭቃ ጠጥቶ ደርቋል። በጀርባዬ ተኝቼ፣ አስፋልቱ በሸሚዜ አልፎ እየጠበሰኝ፣ በመዶሻና በናፍጣ ከሁለት ሰዓት በላይ ታገልኩት።

ሲወርድ ያየሁትን አልረሳውም። ጎማ ሁሉ የተሠራበት ጊዜ ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ይታተምበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የእኔው 0809 ይላል። እ.ኤ.አ. የ2009 ስምንተኛው ሳምንት መሆኑ ነው። መንገድ ሳይረግጥ አርጅቷል። ጎኑ ውሃ እንደሸሸው የወንዝ ዳር ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ላስቲክ ሠራም አልሠራም ያረጃል፤ አየሩና ሙቀቱ ይበሉታል። ያን ጎማ እዚያ ሁሉ አገር ተሸክሜው ስዞር አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ አላየሁትም። በዚያ ጎማ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ሄድኩ፤ ከዚያ እሱም ተነፈሰ። ያሻገረኝ ከጅቡቲ የሚመለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ምሳውንም አካፈለኝ፤ ገንዘቤን ግን እንቢ አለ።

ትርፍ የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ነጋዴ ትርፍ ሲል ሌሊት የሚያስበውን ነገር ማለቱ ነው። ትርፍ ነገር፣ ትርፍ ወሬ፣ ትርፍ አንጀት ስንል ደግሞ ባይኖርም የሚኖርበትን ማለታችን ነው። ትርፍ ጎማ ከሁለቱ ወገን የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሌላው ጎማ የወደቀ ቀን ብቻ ነው። እኔ ሳላስበው ከሁለተኛው ወገን መድቤው ኖሬያለሁ፤ ዓይን የማያየው ነገር ሁሉ ቀስ በቀስ ወደዚያ ወገን ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የፈለግሁት ቀላል ነበር፤ ጎማው ከሥር ይውጣ፣ ፊት ለፊት ይሁን፣ ጠዋት ጠዋት በእጄ ዳበስ አድርጌው ልለፍ።

በያጁን የማውቃቸው በሥራ ነው፤ የፓምፕ መሰቀያ ይሠሩልኛል። ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። ሥራ ቦታቸው ቃሊቲ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ነው፤ አንድ ቶርኖ፣ አንድ ትራፓኖ፣ ሁለት የብየዳ ማሽን፣ ጥርሱ የተሸራረፈ ትልቅ ሞርሳ። ያን ቀን ግድግዳው ላይ ከተደገፉት ላሜራዎች ወፍራሙን፣ አሥር ሚሊ ሜትር የሚሆነውን መረጥኩ። «ጋሼ፣ በዚህ ይሠራልኝ። ማንም ከኋላ ቢገጨኝ ጭረት እንዳይወጣብኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው የላሜራውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ ምቱስ የት ይደር?» አሉኝ።

ምት እንደ እንግዳ ነው፤ ከመጣ ማደሪያ ይፈልጋል። ይህን የፊዚክስ መምህሬ ሰሌዳ ላይ ጽፎልን ነበር፤ ቀመሩን ሸምድጄ አለፍኩ እንጂ ነገሩ አልገባኝም ነበር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከ14 ሜትር ከፍታ ቁልቁል እንደተለቀቀ ነው፤ ከአራተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ። መኪናው ሲቆም ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። ብረት ሲታጠፍ ብረቱ ውስጥ ይገባል፤ ማጠፍ ሥራ ነውና፣ ሥራም ጉልበት ይበላል። ብረቱ አልታጠፍም ካለ ወደሚቀጥለው ይተላለፋል፤ ወደ ሻንሲው፣ ከሻንሲው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ አንገት። አለዚያም ወደ ገጨው ሰው ይመለሳል። በ10 ሴንቲ ሜትር የሚቆም መኪና በ50 ሴንቲ ሜትር እንዲቆም ቢደረግ የሚያርፍበት ኃይል በአማካይ ወደ አምስተኛው ይወርዳል። እነዚያ አርባ ሴንቲ ሜትሮች የሚገኙት ደግሞ በሚጨማደድ ነገር ነው። ሌላ ቦታ አይገኙም።

እኔ ወፍራም ላሜራ የመረጥኩት ምቱን የማጠፋ መስሎኝ ነው። ጋሼ በአንድ ጥያቄ ያሳዩኝ፣ ላሜራ የሚመርጥ ሰው ምቱ ማን ቤት እንደሚያድር አብሮ እየመረጠ መሆኑን ነው።

ይህን ሐሳብ በመኪና አካል ላይ ሥርዓት ያስያዘው ቤላ ባሬኒ የሚባል መሐንዲስ ነው። ዳይምለር ቤንዝ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1951 ባመለከተው የፈጠራ መብት የመኪናን አካል ሦስት ቦታ ከፈለው። ሰው የሚቀመጥበት መሐሉ የማይበገር፣ ፊቱና ኋላው በልክ የሚጨማደድ። በ1959 በዚህ መንገድ የተሠራው መርሴዲስ ገበያ ወጣ። ከዚያ በፊት ጥሩ መኪና ማለት ሲገጭ እንዳለ የሚቀር መኪና ነበር፤ ውስጡ ያለው ሰው ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። እኛ አገር ይህ እምነት ዛሬም አልለቀቀንም። የተጋጨ አዲስ መኪና ሲጨማደድ አይተን «ቆርቆሮ ነው፤ የድሮው ብረት ነበር» እንላለን። እኔም ብዬዋለሁ። ቆርቆሮው የተጨማደደው የሰው አጥንት ሊቀበለው የነበረውን ምት ተቀብሎ ነው።

ከጋሼ ጥያቄ በኋላ የፓራውልትን ታሪክ ሳገላብጥ ሕጎቹ ራሳቸው ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው ሲሻገሩ አገኘኋቸው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፓራውልት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር በሆነ ፍጥነት ሲጋጭ መኪናው እንዳይጎዳ ብለው ደነገጉ፤ በ1982 ይህን ወደ 4 አወረዱት። ያ ሕግ የሚያስበው ስለ ንብረትና ስለ ጥገና ወጪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 ባወጣው መመሪያ ግን ዓይኑን ወደ እግረኛው አዞረ፤ በመኪና ፊት የሚገጠመው የብረት አጥር እግረኛን ለመጠበቅ የወጣውን ፈተና ካላለፈ እንዳይሸጥ አለ። ሕንድም በ2017 መጨረሻ እነዚህን አጥሮች ከለከለች። እኛ ዘንድ ያ አጥር ጌጥ ነው፤ የክብር ምልክት ነው፤ ልጆች በጣታቸው ያሳዩታል። በአዲስ አበባ መንገዶች ከሚሞቱት አብዛኞቹ ግን በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። ያን አጥር አስገጥሞ ስለሚዞር ሰው ክፉ ለመናገር አልፈልግም፤ ራሱን እየጠበቀ መስሎታል። ነገር ግን የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለ ልጅ የሚሻገርበት መንገድ ላይ ያ ብረት በምን ከፍታ እንደሚያልፍ ቆሞ ያየ ሰው ደግሞ ዝም ማለት የለበትም። የደረት ከፍታ ነው። የትንሽ ልጅ ከሆነ የራስ።

የእኔው ፓራውልት የኋላ ስለሆነ ይህ አይነካኝም ብዬ ነበር። ከኋላ የሚመጣው ጥፋተኛ ነው፤ ርቀቱን ያልጠበቀ፣ ፍሬኑን ያልያዘ፣ ስልክ የሚያወራ። እሱ እንደ ሥራው ያግኝ።

ጋሼ ስለ አንድ ነገር ያወሩኝ እዚህ ላይ ነው፤ እኔም በኋላ አጣርቼዋለሁ። በሰኔ 1967 እ.ኤ.አ. ተዋናይቷ ጄን ማንስፊልድ የተሳፈረችበት መኪና ሉዊዚያና ውስጥ ሌሊት ከአንድ ተሳቢ ኋላ ሥር ገባ። ተሳቢው ከፍ ያለ ነውና ፓራውልት ከፓራውልት አልተገናኘም፤ የተሳቢው ወለል በመስተዋቱ በኩል አለፈ። ከፊት የተቀመጡት ሦስቱም ሞቱ፤ ከኋላ የተኙት ልጆቿ ተረፉ። ዛሬ በከባድ መኪና ኋላ ዝቅ ብሎ የሚታየውን አግዳሚ ብረት አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው በስሟ ይጠራዋል። ከ1998 ጀምሮ በሚሠሩ ተሳቢዎች ላይ ያ ብረት ከመሬት ከ56 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ተደንግጓል። ያ ብረት ለተሳቢው ባለቤት አንዳች አይጠቅመውም። ክብደት ነው፣ ወጪ ነው። የተንጠለጠለው ከኋላ ለሚመጣው፣ ለማያውቀው፣ ምናልባትም ለጥፋተኛው ሰው ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የስኮርታው ቦታ አስጨነቀኝ። ከፓራውልቱ በላይ የሚሰቀል ጎማ መሐል ልቡ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ላይ ይውላል። ከኋላዬ ቪትዝ ቢመጣ ያ ከፍታ የምን ከፍታ ነው? ቴፕ ሜትር ይዤ ጎረቤቴ ቆማ ወደምታድር ቪትዝ ሄጄ ለካሁ። የሾፌሩ ፊት ነው። አጃቢ ብዬ የሰቀልኩት ጎማ፣ ፓራውልቱ ትንሿን መኪና ቀድሞ ካላቆማት፣ መስተዋት ሰብሮ ሰው ፊት ላይ ያርፋል። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ውፍረት አላወራሁም። ሁለታችንም የምናወራው ስለ ከፍታና ስለ መታጠፍ ሆነ።

ጋሼ የሚለው መጠሪያ «ጋሻዬ» ከሚለው እንደመጣ ይነገራል። በአንድ በኩል ታላቅን ማክበሪያ ነው፤ በሌላ በኩል ጦር ሲወረወር ፊት የሚቆም ዕቃ ስም ነው። የአባቶቻችን ጋሻ ብረት አልነበረም። ከጎሽ ወይም ከጉማሬ ቆዳ ይሠራል፤ ይደርቃል፣ መሐሉ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ብረት ጠፍቶ አይደለም፤ ጦሩም ጎራዴውም ብረት ነበር። ቆዳ ቀላል ነው፤ ሲመቱትም ትንሽ ይሰጣል። በመስጠቱም ክንድ አይሰብርም። ሰውን ጋሼ ብለን ስንጠራ በልባችን ያለው ይህ ዓይነቱ ጋሻ ይመስለኛል። የልጅን ጥፋት እየተቀበለ፣ የቤትን ጭቅጭቅ በሆዱ እያሳደረ የሚያበርድ ታላቅ በየሰፈሩ አለ። ምቱ እሱ ላይ ያድራል። ግንባሩ ላይ ያለውን መስመር ሲያዩ ስንት ምት እንዳደረበት ይቆጠራል።

ወደ ብረቱ ልመለስ። ዋናው አግዳሚ የተሠራው ከምናለሽ ተራ ከገዛሁት ቱቦላሬ ነው፤ 100 በ50 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 4። የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ላይ ዋለ። ዳገት ስወጣ፣ ወንዝ ተሻግሬ ስነሣ መሬት እንደሚነካብኝ ስናገር ጋሼ «ቀስ ብለህ ውጣ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ሻንሲው ላይ ብየዳ አላሳረፉም። ሙቀት የሻንሲን ጥንካሬ ያበላሻል፤ ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች በ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ማሰር ይሻላል። በአግዳሚውና በሻንሲው መሐል የገቡት ሁለት ማያያዣዎች የሥራው ልብ ናቸው። ከ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተቆርጠው፣ ጎናቸው ላይ በግራይንደር ሁለት ሁለት ጠባብ ጉድጓድ ተከፈተላቸው፤ ምት ሲመጣ እዚያ ቦታ ላይ እንዲታጠፉ። ብረት ሠሪ ሆን ብሎ ደካማ ቦታ ሲያበጅ ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። እንደሚታጠፍ ታውቆ ተለክቶ የተቆረጠ ድክመት ነው። ከአግዳሚው ይልቅ ማያያዣዎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰዱባቸው።

ክንዱ የሚዞርበት ምሰሶ በቶርኖ የተላገ የ40 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። የተሳቢ ጎማ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ከሱማሌ ተራ አገኘሁ። ምሰሶው አግዳሚው ላይ ብቻ አልተለጠፈም። ቱቦላሬው ከላይም ከታችም ተበስቶ ገብቶበት በሁለቱም ፊት ተበየደ። ከላይ ብቻ ቢበየድ የቱቦላሬው አንድ ግድግዳ ሸክሙን ሁሉ ብቻውን ይችላል፤ ሳይቆይም ይቀደዳል። ማጠፊያው በቀኝ በኩል ሆነ፤ መኪና በምናቆምበት በመንገዱ ዳር በኩል፣ ጎማ የሚያወርድ ሰው ጀርባውን ለሚያልፍ መኪና እንዳይሰጥ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ጎማውን ከነቸርኬው በቁራሌ ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፤ 36 ኪሎ። ፓራውልቱ ከነክንዱ 59። አንድ ላይ 95 ኪሎ ነው፤ የኋላው አክስል የሚሸከመው ግን 95 አይደለም። ሸክሙ ከአክስሉ ወደ ኋላ አንድ ሜትር ከሃያ ያህል ርቆ ስለተሰቀለ እንደ ሚዛን ፊቱን ያነሣዋል። ከፊት ጎማዎቼ 36 ኪሎ ገደማ ያቀልላል፣ የኋላው ላይ 131 ገደማ ያሳርፋል። መሪውን የሚታዘዙት የፊት ጎማዎች ናቸውና ይህም ዋጋ ነው፤ ጥንቃቄ በነጻ አይገኝም። የመሣሪያ ሳጥኔን ከኋላ አንሥቼ ከጋቢናው ጀርባ አስጠጋሁት።

ያም ሆኖ ሸክሙን ከክብደቱ በላይ የሚያከብደው መንቀጥቀጡ ነው። ባልዲ ውሃ በተዘረጋ ክንድ መያዝ ለአንድ ደቂቃ ማንም ይችለዋል፤ ክንዱ ግን ቀኑን ሙሉ በኮረኮንች ላይ ይወዛወዛል። ብረትም ይደክማል። ድካም የሚለው ቃል ለብረት እንዲሁ በምሳሌ የተባለ አይደለም፤ መሐንዲሶች የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ሲመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ከሐምሳ በላይ ሰው ሞተ። አክስሉ ከአቅሙ በላይ አልተጫነም ነበር። ከዚያ በኋላ አውጉስት ቮለር የሚባል ጀርመናዊ የባቡር መሐንዲስ ለዓመታት አክስሎችን እያሽከረከረ ሲፈትን፣ ብረት አንድ ጊዜ ቢጫንበት በቀላሉ የሚችለው ሸክም ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት እንደሚሰብረው አሳየ። ስንጥቁ ከማይታይ ቦታ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም ከብየዳ ጠርዝ፣ ቀልጦ የረጋው ካልቀለጠው ከሚገናኝበት መስመር። ጋሼ ስለ ቮለር ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን ክንዱ ሲዘጋ በምሰሶው ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ከጫፉ ሥር ተዳፋት መቀመጫ ሠሩለት፤ ሲዘጋ ሽቅብ ተንሸራቶ ይወጣና ሸክሙን እዚያ ያሳርፋል። መቆለፊያው ሲጫን ጥርቅም ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ጎማውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው። «ኳ ካለ ይሞታል» አሉ። ትንሽ ክፍተት ያለው ነገር ራሱን በራሱ ሲመታ ይኖራል፤ ውጭ ያለ ጠላት አያስፈልገውም። ግማሽ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ኳታ ለማጥፋት አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሄደ።

በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሥራቸውን ሳይ፣ ስለ 1900 ዓ.ም. አስብ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ሆነ። አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አየች፤ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያመጣት። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪ በአገራችን ማረሻውንም ጦሩንም ሰጥቶ፣ ቡዳ ተብሎ፣ ልጁን የሚያገባለት አጥቶ የኖረ ሰው ነው። የማኅበረሰቡ ፍርሃትና ጥርጣሬ ማደሪያ አድርገነው ነበር። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን በአንድ አዋጅ አልጠፋም፤ በየገጠሩ አሁንም ያለበት አለ። ጋሼ ራሳቸው በልጅነታቸው አባታቸው ወናፍ ሲነፉ ሰፈርተኛ ልጆቹን ከደጃቸው ሲሰበስብ ማየታቸውን አንድ ቀን ነግረውኛል፤ ደግመው አላነሡትም። ዛሬ መንገድ ላይ የማንም ልጅ እንዳይጎዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያሳድዱት እኒያው እጆች ናቸው።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንድ ነገር መከሩኝ። ስኮርታው በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከአራቱ ጋር ይዘዋወር፤ አምስቱም ተራ በተራ ይሥሩ፣ አምስቱም ያርጁ። አጃቢውም መንገዱን ይልመደው። እንዲሁ እያደረግሁ ነው። ጠዋት ጠዋት እዳብሰዋለሁ፤ በየወሩ የብየዳውን ጠርዝ በናፍጣ ጨርቅ ጠርጌ በጥፍሬ እከተለዋለሁ።

አራት ወር ሳይሞላ፣ አንድ ማምሻ ላይ፣ ሳሪስ ጋ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ከኋላ ተመታሁ። ድምፁ ከፈራሁት ያነሰ ነበር። ወንበሩ ወደ ፊት ገፋ አደረገኝ፤ አንገቴ አልተወራጨም። ወርጄ ሮጥኩ። ነጭ ቪትዝ ነበረች። መብራቷ ረግፏል፣ ኮፈኗ መሐሉ ላይ ተሰብሮ ቆሟል። ስኮርታዬ ከመስተዋቷ ከሁለት ስንዝር ባልበለጠ ርቀት ላይ አለ፤ መስተዋቱ ግን አልተነካም። ሾፌሯ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አላየሁህም» ትላለች። ከኋላዋ ዩኒፎርም የለበሰች ሕፃን ቀበቶ ታስራ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። «እህቴ፣ ተረጋጊ፣ ተርፈሻል። ልጅቷን እያት» አልኳት። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። እናትየው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም እግሬ ሲንቀጠቀጥ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ቃሊቲ ሄድኩ። ጋሼ ከመኪናው በፊት የጠየቁኝ ስለ ሰዎቹ ነው። ደህና መሆናቸውን ሁለት ጊዜ አስደግመው ከሰሙ በኋላ ጎንበስ ብለው ከሥር ገቡ። ቀኙ ማያያዣ ጉድጓዱ ላይ እንደ ወረቀት ታጥፏል፤ ግራው በግማሽ። ሻንሲው ላይ አምፖል አስጠግተው አዩ፤ ምንም የለበትም። የታጠፈውን ማያያዣ ፈትተው አወጡና በአውራ ጣታቸው እጥፋቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፣ ልክ ያን ቀን ላሜራውን እንደዳሰሱት። ከዚያ ቁርጥራጭ ብረት ክምር ላይ ጣል አደረጉት።

«ሌላ ለመቁረጥ ስንት ቀን ይፈጃል ጋሼ?» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ወደ ውስጥ ገብተው፣ ከግድግዳው ምስማር ላይ በሽቦ የታሰረ ጥንድ ማያያዣ አወረዱ። አንቲረስት ተቀብቷል፣ ጉድጓዶቹ ተከፍተዋል፣ ከላዩ የአራት ወር አቧራ አለበት። ከመጀመሪያዎቹ ጋር አብረው ቆርጠው ሰቅለውታል። አቧራውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ «ቡሎኑን አቀብለኝ» አሉኝ።